የመንገደኛ ማረፊያ፦ የባቡር ጣቢያ ከአየር ጠባይ፣ ከደኅንነትና ከወጪ አንጻር

በአሊዩ አምባ በተራራው ጥግ፣ በሸዋ ሮቢት በሜዳው ላይ፣ በአጣዬና በከሚሴ፣ በአንኮበርና በደብረ ሲናም ሆናችሁ ይህን ዝግጅት የምትከታተሉ ሁሉ፣ የዛሬው ትምህርታችን ርእስ የባቡር ጣቢያ አሠራር ነው። ይህንንም ርእስ የመረጥነው ጉዳዩ የአዲስ አበባ ሰዎች ብቻ አለመሆኑን ስለምናምን ነው፤ ከአዋሽ ተነሥቶ የይፋትን ቆላ በማቋረጥ ወደ ኮምቦልቻና ወደ ሐራ ገበያ እንዲዘልቅ የታቀደው፣ ርዝመቱ 390 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው የባቡር መስመር በአገራችሁ ተዘርግቶ ታዩታላችሁና፣ መንገደኛ የሚያመላልስበት ቀን በደረሰ ጊዜም ልጇን አዝላ፣ ሽንኩርቷን በጆንያ ቋጥራ በጣቢያው የምትጠብቀው እናት ከመካከላችሁ የምትወጣ ናትና።

ስለ ጣቢያ ሲታሰብ ሦስት ነገሮች አብረው ይነሣሉ፤ እነርሱም የአየር ጠባይ፣ ደኅንነትና ወጪ ናቸው። ብዙ ጊዜ ሦስቱ እንደ ባላጋራ ይቆጠራሉ፤ ጣራው ቢረዝም ገንዘብ ይፈጃል፣ መሻገሪያው ቢበዛ ባቡሩ ይዘገያል፣ ገንዘቡ ቢቆጠብ ሰው በፀሐይና በዝናብ ይንገላታል እየተባለ፣ አንዱን ለማትረፍ ሌላውን መሠዋት ግድ እንደ ሆነ ይነገራል። እኛ ግን በዛሬው ምሽት ለማስረዳት የምንሻው፣ ንድፉ ገና በወረቀት ላይ ሳለ፣ የሚጠብቀውን ሰው በኅሊና ፊት አቁሞ የተወሰነ አንድ በጎ ውሳኔ ሦስቱንም ባንድነት እንደሚያገለግል፣ ወጪው የሚንረውና አደጋው የሚበዛውም ያ ሰው ተረስቶ ሥራው ካለቀ በኋላ ጉድለቱን ለማቃናት ሲሞከር መሆኑን ነው።

የመጠበቂያ ስፍራ ነገር ለአሊዩ አምባ እንግዳ አይደለም። በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት፣ ከታጁራና ከዘይላ ጠረፍ ተነሥቶ የዐፋርን በረሃ ያቋረጠው ቅፍለት ጨውና ጨርቅ ጭኖ ሲመጣ፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ፣ በዚያን ዘመን ክፉ ልማድም የሰውን ልጅ ጭምር ይዞ ሲመለስ፣ የቆላው ግመል የደጋውን ብርድና አቀበት ችሎ ወደ አንኮበር መውጣት ስለማይሆንለት፣ ጭነቱ ከተራራው ግርጌ ይራገፍና ለበቅሎ፣ ለአህያና ለሰው ትከሻ ይተላለፍ ነበር። በዚህም ምክንያት የአሊዩ አምባ የዓርብ ገበያ ዝናው እጅግ የተሰማ ሆኖ፣ አርጎባው፣ አማራው፣ ዐፋሩና ሐረሪው የሚገናኙበት አደባባይ ሆነ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1841 ከእንግሊዝ መንግሥት ተልኮ የመጣው ካፒቴን ሃሪስ፣ በማግሥቱም ዓመት ደርሶ በአሊዩ አምባ የተቀመጠው ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን ያዩትን በየመጽሐፎቻቸው ጽፈው አቆይተውልናል።

እንግዲህ ያ ስፍራ ሐዲድ ባይኖረውም የጣቢያን ግብር ሁሉ ይፈጽም ነበር። አንዱ ማጓጓዣ ከሌላው የሚገናኝበት ነው፤ በዚያ የሚቆየው ነጋዴም ለራሱና ለከብቱ ጥላና ውሃ ይሻል፤ ንብረቱ እንዳይዘረፍ ጥበቃ ይሻል፤ የቀረጡና የሸክሙ ዋጋ ትርፉን ጨርሶ እንዳይበላበትም ይጠነቀቃል። ጥላ፣ ጥበቃና ዋጋ ብሎ ያ ነጋዴ በልቡ ይቆጥረው የነበረውን ነገር ነው የዛሬው መሐንዲስ የአየር ጠባይ፣ ደኅንነትና ወጪ ብሎ በጠረጴዛው ላይ የሚያኖረው።

ጣቢያ የሚቆምበትን ስፍራ መምረጥ የአገርን መልክ እስከ መለወጥ እንደሚደርስ የባቡራችን ታሪክ ያስረዳል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ ከሰጡ በኋላ፣ ከጅቡቲ የተጀመረው ሥራ በ1895 ዓ.ም. ወደ ሐረር አቅራቢያ ሲደርስ፣ ተራራውን መውጣት ከባድ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ስለ ተገኘ ሐዲዱ ከግርጌው ባለው ሜዳ እንዲያልፍ ተደረገ፤ በዚያም ሜዳ የቆመው ጣቢያ የድሬዳዋን ከተማ ወለደ። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለገሃር የምንለው የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀውም በ1922 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ መስመር ጣቢያዎቹን ከከተሞቹ ወጣ አድርጎ አቁሟቸዋል፤ ይህም የመሬትንና የግንባታን ወጪ ሊያቃልል ቢችልም፣ መንገደኛው በለቡ ጣቢያ ለመሳፈር ከመሐል ከተማ የሚከፍለው የታክሲ ዋጋና የሚያጠፋው ሰዓት የጉዞው ወጪ አካል መሆኑ አይቀርም። ከገንቢው መዝገብ የተቀነሰ ገንዘብ ወደ ተሳፋሪው ኪስ ተዛውሮ እንደ ሆነ፣ ቁጠባ ሊባል አይገባውም።

በዘመናችን ስለ ጣቢያ አሠራር ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን ግን የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ነው። ሥራው በ2004 ዓ.ም. በቻይና ተቋራጭ ተጀምሮ፣ የመጀመሪያው መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. አገልግሎት ጀመረ፤ ሁለተኛውም ሁለት ወር ሳይሞላ ተከተለ። አንዱ ከቃሊቲ ወደ ምኒልክ አደባባይ፣ ሌላው ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄዱት እነዚህ መስመሮች በድምሩ ወደ 34 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርዝመትና 39 ጣቢያዎች ሲኖሯቸው፣ የወጣባቸው ገንዘብ 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ነው፤ ከዚህም 85 በመቶው ከቻይና ኤክዚም ባንክ በብድር የተገኘ ነው። ከስታዲየም ተነሥቶ በለገሃር፣ በሜክሲኮና በተግባረ ዕድ አልፎ እስከ ልደታ ያለው፣ ሁለቱም መስመሮች በጋራ የሚሄዱበት ክፍል በምሰሶ ላይ የታነጸ ሲሆን፣ የቀረው አብዛኛው መንገድ በአውራ ጎዳና መካከል በመሬት ላይ ተዘርግቶ ግራና ቀኙ ታጥሯል።

የጉዞው ዋጋ ሲጀመር እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ብቻ ስለነበረ፣ ገቢው አነስተኛ ለሆነው ሕዝብ የተደረገ ታላቅ በጎ ሥራ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ለባቡሩ የተሰጠው አሳብ ያህል ሰው ወደ ባቡሩ ለሚሄድበት እርምጃ አልተሰጠም። ጣቢያው በጎዳናው መካከል ስለ ሆነ ተሳፋሪው አስቀድሞ የመኪናውን መንገድ መሻገር ይኖርበታል፤ አጥሩም ሰፈርን ከሰፈር ስለ ከፈለ፣ ከዚህ ወዲያ ማዶ በጥቂት እርምጃ ይሻገር የነበረው ነዋሪ ዙሪያ ጥምጥም እንዲሄድ ተገደደ። በከፍታ ባሉትም ጣቢያዎች ሊፍቱና ተንቀሳቃሹ ደረጃ ሥራ ባቆሙ ቁጥር አረጋዊው፣ ነፍሰ ጡሯና በክራንች የሚሄደው ሰው ያን ሁሉ ደረጃ በጉልበታቸው ይጋፈጣሉ። ይህን የምናነሣው የተደከመበትን ሥራ ለማጣጣል ሳይሆን፣ በይፋት ለሕዝብ ለሚዘጋጁና በሌሎችም አገሮች ገና ለሚሠሩ ጣቢያዎች ትምህርት እንዲሆን ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው አንቀጽ፣ ወደ አየር ጠባይ እንግባ። የአሊዩ አምባና የሸዋ ሮቢት ምድር ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን በ9ኛውና በ10ኛው ዲግሪ አካባቢ ስለሚገኝ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማለት በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንታትና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ በቀትር በቀጥታ ከራስ በላይ ትቆማለች፤ በሰኔ ወደ ሰሜን ጥቂት፣ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ 33 ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች። ስለዚህ የቀትሩን ፀሐይ መካከለኛ ስፋት ያለው ማንኛውም ጣራ ይከለክለዋል። አስቸጋሪው ማለዳና ከሰዓት በኋላ ከጎን የሚመጣው ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ካለፈ በኋላ ፀሐይ ከአድማስ 30 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ስትታይ፣ 3 ሜትር ከፍታ ያለው ጣራ ጥላው ከሥሩ ሸሽቶ 5 ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ይወድቃል፤ ያን ጊዜ ተሳፋሪው በጣራው ሥር ቆሞ ሳለ ጥላው በሐዲዱ ላይ ተኝቶ ያየዋል። የይፋቱ መስመር በጠቅላላው ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚሄድ በመሆኑም የመሳፈሪያው መድረክ ረጅም ጎኑ ለምሥራቅና ለምዕራብ የተጋለጠ ነው፤ እንግዲያው በዚህ ቆላ ጣራን ከማስፋት ይልቅ ከምዕራቡ ወገን የቆመ መከለያ ማበጀት የበለጠ ይጠቅማል።

ይህ መከለያ ድፍን ግድግዳ እንዲሆን አንመክርም፤ ድፍን ግድግዳ ነፋሱን አግዶ ሙቀቱን ያምቃል፣ በስተጀርባውም ክፉ ሰው ሊሸሸግ ይችላል። ጡቡን ክፍተት እየተዉ በመደርደር ወይም እንጨቱን አግድም እያሰለፉ በመሥራት ጥላ የሚሰጥ፣ ነፋስ የሚያሳልፍ፣ ከውጭም ከውስጥም የሚያሳይ መከለያ በአገራችን ግንበኛና አናጢ እጅ ሊበጅ ይችላል። ከዚህም ጋር ከሐዲዱና ከኤሌክትሪኩ ሽቦ በበቂ ርቀት የተተከለ ዛፍ፣ ግራር ቢሆን ኒም፣ በየዓመቱ እያደገ የሚሄድ ጥላ ነው። ጣራውም አንድ ነጠላ ቆርቆሮ ብቻ ከሆነ ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት መልሶ በሰው ራስ ላይ ስለሚያወርደው፣ ከሥሩ ኮርኒስ ተደርጎለት በመካከሉ አየር የሚመላለስበት ክፍተት ሊተውለት፣ በላዩም ነጭ ቀለም ሊቀባ ይገባዋል።

ስለ ዝናብ ደግሞ እናስብ። የክረምት ዝናብ ከነፋስ ጋር ሲመጣ ሰያፍ ይወርዳል፤ ሰያፍነቱ 30 ዲግሪ ያህል ቢሆን፣ ጣራው 4 ሜትር ከፍ ያለ እንደ ሆነ ዝናቡ ከጣራው ጠርዝ ወደ ውስጥ 2 ሜትር ከ30 ሴንቲ ሜትር ድረስ ይገባል፤ 3 ሜትር እንደ ሆነ ግን 1 ሜትር ከ70 ብቻ። በስፋቱ 3 ሜትር በሆነ መድረክ ላይ የዚህ ልዩነት ትርጉሙ አንድ ረድፍ ሕዝብ መድረቁ ወይም መበስበሱ ነው። ዝቅ ያለ ጣራ በብረትም፣ በምሰሶም፣ በቀለምም ስለሚያንስ ዋጋው ይቀንሳል፤ እነሆ አንድ ውሳኔ ሰውንም ገንዘብንም ሲያገለግል። የቀደሙት አናጢዎቻችን ይህን ጥበብ ያውቁት ነበር፤ የክብ ቤተ ክርስቲያንን ክዳን ከግድግዳው አርቀውና ዝቅ አድርገው በማውረዳቸው የጭቃው ግንብ ከዝናብ ይጠበቃል፣ በዙሪያው የቆመው ምእመንም ይጠለላል።

በጣራው ጠርዝ ላይ የሚዘረጋው አሸንዳም ትንሽ ነገር መስሎ አይታይ። ጣራው በሐዲዱ ላይ ከተንጠለጠለው የኤሌክትሪክ ሽቦ መራቅ ስላለበት፣ በጣራውና በባቡሩ መካከል ክፍተት መኖሩ የማይቀር ነው፤ አሸንዳው ጠባብ ከሆነ ወይም ጨርሶ ካልተሠራ፣ ከጣራው የሚወርደው ውሃ በሙሉ የሚያርፈው በሩ ሲከፈት ሊገባ በሚሻማው ሕዝብ ማጅራት ላይና እግሩ በሚረግጠው የመድረክ ጠርዝ ላይ ነው፤ ያም ጠርዝ ሲያዳልጥ የአየር ጠባዩ ጉዳይ የደኅንነት ጉዳይ ይሆናል። በደጋው አገር ደግሞ በረዶ ሲጥል አሸንዳውን ስለሚደፍነው፣ ውሃው ሞልቶ የሚፈስበት ሁለተኛ መውጫ ከሰው መቆሚያ ራቅ ብሎ አስቀድሞ ሊበጅለት ይገባል።

ለቆላው ግን የዝናብ ውሃ ሀብት ነው። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ስለሚሆን፣ 300 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የጣቢያ ጣራ 40 ሚሊ ሜትር ከሚጥል አንድ ከባድ ዝናብ 12,000 ሊትር ውሃ ሊሰበስብ ይችላል። ይህ በገንዳ ውስጥ ቢጠራቀም ለመጸዳጃ ቤቱ፣ ለሰላት ለሚዘጋጀው መንገደኛ ውዱእ፣ ለተተከሉትም ዛፎች ይበቃል፤ መድረኩንም ከጎርፍ ያሳርፈዋል። ጎርፍ ካልን ዘንድ፣ የይፋት ሰው ያለ አስተማሪ የሚያውቀውን ነገር ከሩቅ የሚመጣ መሐንዲስ ሊያውቀው ስለማይችል ሊነገረው ይገባል፤ ይኸውም በቆላው ሰማይ ጠርቶ፣ ምድሩም ደርቆ ሳለ፣ በአንኮበርና በጣርማ በር ከፍታ የዘነበው ዝናብ በሮቢ ወንዝና በሌሎቹም ሸለቆዎች ተንደርድሮ በድንገት መድረሱ ነው። ስለዚህ የጣቢያው ቦታ የሚመረጠው በዓመት ውስጥ ከደረቁ ወራት በአንዱ በተደረገ ልኬት ብቻ ሳይሆን፣ ጎርፉ እስከ የት እንደደረሰ የሚያስታውሱትን የአገር ሽማግሌዎች ጠይቆ ነው።

ሙቀት ሐዲዱን ራሱንም ይገዛዋል። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፤ 100 ሜትር ሐዲድ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ቢጨምር፣ እንዲረዝም ቢፈቀድለት 36 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በብየዳ የተያያዘው ሐዲድ ግን መርዘም ስለማይፈቀድለት በውስጡ ታላቅ ግፊት ያጠራቅማል፤ አያያዙ ደካማ ከሆነም ወደ ጎን ይጣመማል። ለዚህ ነው የቆላ ሐዲድ የሚታሰርበት የሙቀት መጠን ከደጋው ተለይቶ የሚወሰነው። ንድፍ ከአገር አገር እንዲሁ ተገልብጦ የሚወሰድ ነገር አለመሆኑን ይህ አንዱ ምሳሌ ያሳያል።

ሁለተኛው አንቀጽ ደኅንነት ነው። በብረት ላይ የሚሽከረከር የብረት ጎማ በአስፋልት ላይ እንዳለ የላስቲክ ጎማ ቶሎ አይቆምም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ቀላል ባቡር በየሴኮንዱ ወደ 14 ሜትር ያልፋል፤ ነጂው በተለመደው አኳኋን ፍሬን ቢይዝ እስኪቆም ድረስ 80 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ የአደጋ ጊዜ ፍሬን ቢይዝም፣ ዓይቶ እስኪወስን የሚያልፈውን ጨምሮ ከ50 ሜትር አያንስም። ሐዲዱ በዝናብ ከራሰ ይህ ይብሳል፤ ስለዚህም ባቡሩ በጎማው ፊት አሸዋ የሚረጭበት መሣሪያ ይደረግለታል። ባቡር መሪውን ጠምዝዞ ሰውን ሊያልፈው እንደማይችል ሕፃን ሁሉ ሊማረው የሚገባ ነገር ነው።

ታዲያ መሻገሪያው የት ይሁን? መልሱን ካርታ ከሚሰጠን ይልቅ ምድሪቱ ራሷ ትሰጠናለች። ሰው ከመንደሩ ወደ ገበያ፣ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ መስጊድ ሲመላለስ በእግሩ የቀደደው ስርጥ መንገድ በየሜዳው ይታያል፤ መሐንዲሱ ሐዲዱን ከመዘርጋቱ በፊት እነዚያን ስርጦች ቆጥሮ፣ በዋና ዋናዎቹ ላይ መሻገሪያ ቢያበጅ፣ አጥሩ ሰው የሚያከብረው አጥር ይሆናል። ስርጡን ሳያይ ያጠረ እንደ ሆነ ግን አጥሩ ይቀደዳል፤ ተቀዶ ሲጠገን፣ ተጠግኖ ሲቀደድ ይኖራል፤ በቀዳዳውም የሚሾልከው ሰው ያለ ምልክትና ያለ ብርሃን በባቡሩ ፊት ይወጣል። በመሬት ላይ ያለ መሻገሪያም በቀጥታ ከመሆን ይልቅ በአጥር እየተመራ አንድ ጊዜ ወደ ጎን እንዲታጠፍ ቢደረግ፣ ተሻጋሪው ሳያውቀው ፊቱ ባቡሩ ወደሚመጣበት ወገን ይዞራል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ጥቂት ሜትር የብረት አጥር ብቻ ነው።

በመድረኩ ላይ ደግሞ በቅርብ የምናያት አንዲት ነገር አለች፤ የወለሉ ዘንበል ማለት። የመድረኩ ወለል ከሐዲዱ ወገን ወደ ኋላ፣ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ ቢሄድ፣ 3 ሜትር ስፋት ባለው መድረክ ልዩነቱ 6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ ለዓይን አይታወቅም። ነገር ግን እናት ትኬት ለመክፈል እጇን የለቀቀችው የሕፃን ጋሪ፣ ፍሬኑ ያልተያዘ የአካል ጉዳተኛ ተሽከርካሪ ወንበር፣ የተጣለ ሎሚም ቢሆን ወደ ሐዲዱ አይንከባለልም፤ የዝናቡም ውሃ ሰው ከሚረግጠው ጠርዝ ርቆ በስተኋላ ባለው ቦይ ይወርዳል። ያው ኮንክሪት፣ ያው ሲሚንቶ ነው፤ ግንበኛው ውኃ ልኩን የሚይዝበት አኳኋን ብቻ ተለወጠ። በተቃራኒው አዘንብሎ የተሠራ እንደ ሆነ ግን ለማቃናት መድረኩን አፍርሶ እንደገና ማንጠፍ ያሻል።

ዓይነ ሥውር ወገኖቻችንን በሚመለከት፣ ሴይቺ ሚያኬ የተባለ ጃፓናዊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 የፈለሰፈውና በ1967 በኦካያማ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነጠፈው፣ ላዩ ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ ንጣፍ በዓለም ሁሉ ተስፋፍቷል። በመድረኩ ጠርዝ አጠገብ በቢጫ ቀለም ሲነጠፍ ዓይነ ሥውሩን በእግሩና በበትሩ ያስጠነቅቀዋል፤ ለሚያይም ሰው በምሽት የመቆሚያ ወሰን ይሆናል። ብርሃንንም እንዲሁ ማሰብ ይገባል፤ በመድረኩ ላይ በብዛት አብርቶ ከመድረኩ እስከ ሰፈሩ ያለውን መንገድ በጨለማ መተው፣ ሴቶችን በተለይ አመሻሽቶ ከመጓዝ የሚከለክል ነው። የትኬት መሸጫውም ክፍል መድረኩንና መሻገሪያውን ባንድነት በሚያሳይ ስፍራ ቢቆም፣ ትኬት ቆራጩ ተጨማሪ ደመወዝ ሳይጠይቅ የጣቢያው ዓይን ይሆናል።

ሦስተኛው አንቀጽ ወጪ ነው። ጣቢያ በመሬት ላይ ሲሠራ፣ በምሰሶ ከፍ ብሎ ሲሠራና ከመሬት በታች ሲቆፈር ዋጋው በየደረጃው እጅግ ይጨምራል፤ ጭማሪው ግን በግንባታው ቀን አይፈጸምም። ከፍ ያለ ጣቢያ ሊፍት ይሻል፤ ሊፍቱ መብራት፣ ባለሙያና ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ይሻል፤ ከእነዚህ አንዱ በጎደለ ጊዜ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ሥራ ለደካማው ሰው እንደሌለ ይቆጠራል። የአዲስ አበባው መስመር ከተገዙለት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት መቆማቸው የሚነግረን ይህንኑ ነው፤ የአንድ ሥራ ዋጋ የሚለካው በተመረቀበት ዓመት ሒሳብ ሳይሆን በአገልግሎት ዘመኑ ሁሉ በሚጠይቀው ነው። ስለዚህ ምድሩ በፈቀደበት ሁሉ ጣቢያውን በመሬት ላይ ማድረግ፣ ሊፍት በሚያስፈልግበት ቦታ በዝግታ የሚያወጣ ተዳፋት መውጫ መሥራት፣ ለሁሉም ጣቢያዎች አንድ ዓይነት ምሰሶ፣ አንድ ዓይነት አምፖል፣ አንድ ዓይነት አግዳሚ ወንበር መወሰን ይገባል፤ በአንዱ የተሰበረው በሌላው መጋዘን ባለው ይተካልና።

ገንዘብ ባነሰ ጊዜ ደግሞ ቀንሶ የመጀመርም ጥበብ አለ። የመድረኩ መሠረት ሙሉ ሆኖ ይቆፈር፣ ምሰሶ የሚቆምባቸው ቦታዎች ሁሉ ብረታቸው ተቀብሮ ይቆይ፤ ጣራው ግን መጀመሪያ ሲሶውን ብቻ ይሸፍን። ተሳፋሪ ሲበዛ ሳይፈርስ ይቀጠላል። መሠረቱን አሳንሶ ጣራውን ያሳመረ ግን ኋላ ሁለቱንም ያጣል።

ደግሞም በማንም መዝገብ የማይጻፍ ወጪ አለ፤ እርሱም የሰው ጊዜና ጤና ነው። ለምሳሌ ያህል በአንድ ጣቢያ በቀን 5,000 ሰዎች ይሳፈራሉ፣ እያንዳንዱም 15 ደቂቃ ይጠብቃል እንበል፤ ይህ በየቀኑ 1,250 የሰው ሰዓት ነው። ያ ሁሉ ሰዓት በጥላ ሥር ተቀምጦ ወይም በጠራራ ፀሐይ ቆሞ የሚያልፍ እንደ ሆነ፣ ልዩነቱን ተቋራጩ አያየውም፤ የሚያየው በእርሻ፣ በገበያና በትምህርት ቤት የደከመ አካል ይዞ የሚደርሰው ሕዝብ ነው። እንግዳን መቀበል፣ የደከመውን ማሳረፍ፣ የተጠማውን ማጠጣት በሁለቱም ሃይማኖቶቻችን ምግባረ ሠናይ ሆኖ ሲሰበክ ኖሯል፤ ጣቢያ የሚያንጽ መንግሥትም ይህን ምግባር በሲሚንቶና በብረት የሚፈጽም ስለ ሆነ፣ ጥላውንና አግዳሚ ወንበሩን እንደ ጌጥ ቆጥሮ ከሁሉ በፊት ሊቀንሳቸው አይገባም።

ይህ ሁሉ ለይፋት ምን ይላል? ያፒ መርከዚ የተባለው የቱርክ ኩባንያ የገነባው የአዋሽና የሐራ ገበያ መስመር በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ጊዜ ጉዳት ደርሶበታል፤ መደበኛ የመንገደኛ አገልግሎት ሳይሰጥም ብዙ ዓመታት አልፈዋል። መዘግየቱ የሚያሳዝን ቢሆንም፣ ለማሰብ የሚሆን ጊዜ ሰጥቶናል። መስመሩ ሲጠገንና ጣቢያዎቹ ለሕዝብ ሲዘጋጁ፣ የየቀበሌው ነዋሪ አራት ጥያቄዎችን በስብሰባው ላይ ያንሣ። ከገበያው ወደ ጣቢያው የሚወስደው መንገድና መሻገሪያ በየት በኩል ነው? ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ የምዕራቡን ፀሐይ የሚከለክለው ምንድን ነው? ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ በየት ያልፋል? የተበላሸውንስ ማን፣ በየትኛው በጀት ይጠግነዋል? ከአሊዩ አምባ ተራራ ወርዶ ለሚሳፈረው ሰውም የሚኒባሱ ማቆሚያ ከጣቢያው በር አጠገብ ይሆን ዘንድ ይጠየቅ፤ የቅፍለቱ ዘመን ያስተማረን ማጓጓዣ ከማጓጓዣ የሚገናኝበት ስፍራ ራሱ ሀብት መሆኑን ነውና።

እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ አገርን ማወቅ ይበቃል። መሐንዲሱ የብረቱንና የኮንክሪቱን ነገር ያውቃል፤ የጎርፉን መንገድ፣ የነፋሱን አቅጣጫና የሰዉን ስርጥ የምታውቁት ግን እናንተ ናችሁ። ሁለቱ ዕውቀቶች ንድፉ ሳይጸና በፊት የተገናኙ እንደ ሆነ ጣቢያው ርካሽም፣ ደኅናም፣ ምቹም ይሆናል፤ ስለዚህ ሲጠሯችሁ ሂዱ፣ ሳይጠሯችሁም ጠይቁ፣ የምታውቁትንም ሳትሰስቱ ተናገሩ።